የአርባ ዓመት ሰው ማዕድ

የመርሳት በሽታ የያዘው ሰው ወዳለበት ቤት ጠያቂ ሲገባ፣ «እንዴት ናቸው?» ከሚለው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ምን ይበላሉ?» የሚለው ነው። እናቴ ከታመመች ወዲህ አራት ኪሎ ወዳለው ቤታችን ከሚመጡት ጎረቤቶች፣ የዕድር ሰዎችና የማኅበር እኅቶቿ መካከል ይህን ያልጠየቀን አለ ለማለት ይቸግረኛል። አብዛኞቹም ጥያቄውን ብቻ ይዘው አይመጡም። አንዷ የጥቁር አዝሙድ ዘይት፣ ሌላዋ ነጭ ማር፣ ሌላዋ ተቆልቶ የተወቀጠ ተልባ ታመጣለች፤ ከቨርጂኒያ ለዕረፍት የመጣ የአክስቴ ልጅ ደግሞ ጊንኮ ከሚባል ዛፍ ቅጠል የተሠራ እንክብል በትልቅ ብልቃጥ አስቀምጦልን ሄዷል። የሁሉም ፍቅር ይገባኛል። በእኛ ዘንድ ሕመምተኛን የምንቀርብበት የመጀመሪያው መንገድ ምግብ ስለሆነ፣ «ምን ይበላሉ?» ማለት ከሕክምና ጥያቄነቱ ይልቅ «አብረናችሁ ነን» ማለትነቱ ያመዝናል።

እኔም ያንኑ ጥያቄ ይዤ ነው የነርቭ ሐኪም ዘንድ የሄድኩት። ሐኪሙ የእናቴን የጭንቅላት ምስልና የደም ምርመራ ውጤት አይቶ ሲጨርስ፣ «ዶክተር፣ ምን እናብላት? ምንስ እንከልክላት?» አልኩት። እሱ ግን ወረቀቶቹን ወደ ጎን አድርጎ «እርስዎ ዕድሜዎ ስንት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። አርባዎቹን ላገባድድ እንደተቃረብኩ ነገርኩት። «ግፊትዎን የተለኩት መቼ ነው? ስኳርዎንስ?» አለኝ። የመጨረሻ ልጄን ከወለድኩ ወዲህ አለመለካቴን ስነግረው፣ «ለእናትዎ የሚወዱትን ያብሏቸው። አሁን የጠየቁኝ ምግብ የሚጠቅመው እርስዎን ነው» ብሎ ዝም አለ። የዚያን ዕለት አነጋገሩ ትንሽ ደረቅ መስሎኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያነበብኩት ሁሉ ግን እሱ በሁለት ዐረፍተ ነገር የተናገረውን የሚያብራራ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ነገሩ የበሽታው ዕድሜ ነው። በብዛት የሚታየው የመርሳት በሽታ ዓይነት በስሙ አልዛይመር የተባለለት ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር አውጉስተ ዴተር የተባለችውን ታካሚ በፍራንክፈርት ሆስፒታል መመርመር የጀመረው በ1901 ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፣ ሴትዮዋ በዚያን ጊዜ ዕድሜዋ ከሃምሳ ብዙም ያልዘለለ ነበር። በ1906 ስትሞት አንጎሏን በማይክሮስኮፕ መርምሮ ያያቸውን ሁለት ነገሮች፣ ማለትም በነርቭ ሕዋሳት መካከል የተከማቸውን ዝቃጭና በሕዋሳቱ ውስጥ የተቋጠረውን ክር፣ በዚያው ዓመት ቱቢንገን ላይ ለተሰበሰቡ ሐኪሞች አቀረበ። የመጀመሪያው አሚሎይድ፣ ሁለተኛው ታው ከሚባሉ ፕሮቲኖች እንደሚመጡ ዛሬ ይታወቃል። በሕይወት ባለ ሰው አንጎል ውስጥ እነዚህን ፕሮቲኖች በምስል ማየት ከተቻለ ወዲህ ደግሞ፣ አሚሎይዱ መከማቸት የሚጀምረው የመጀመሪያው የመርሳት ምልክት ከመታየቱ 15 እና 20 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቀድሞ መሆኑ ታውቋል። ምስጥ የገባበት ምሰሶ ከውጭ ሲያዩት ለብዙ ዓመት ቀጥ ብሎ እንደሚቆም ሁሉ፣ ሰውየውም ሥራውን እየሠራ፣ ልጆቹን እያሳደገ፣ ዕቁቡን እየጣለ ይኖራል።

በእኛ ቤት ምልክቱ የታየው በሽሮ ነው። እናቴ ሽሮ ስትሠራ ሽንኩርቱ ሲበስል ውኃ ትጨምርና፣ ውኃው ሲፈላ ዱቄቱን በግራ እጇ እየነሰነሰች በቀኟ ታማስላለች፤ ጨዉን የምታስገባው መጨረሻ ላይ ነበር። አንድ ሰሞን ጨዉን ጨምራ ማማሰያውን ለማስቀመጥ ዞር ስትል መጨመሯን ትረሳና ትደግመዋለች፤ አንዳንዴም ትሠልሰዋለች። አባቴ ለብዙ ጊዜ ምንም ሳይናገር በላ። ያኔ ሰባዎቹን ጀምራ ነበር። ወደ ኋላ ቢሰላ በሽታው አንጎሏ ውስጥ መግባት የጀመረው እሷ ገና በሃምሳዎቹ ሳለች፣ መሥሪያ ቤት እየዋለች፣ ማታ ማታ ጤፍ ስታስነፋና በርበሬ ስታስደልዝ ነው ማለት ነው። በዚያ ዘመን «ምን ትበያለሽ?» ያላት ሰው አልነበረም።

ስለ መከላከል ሲነሳ በብዛት የሚጠቀሰው ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን ነው። ኮሚሽኑ በ2024 ባወጣው ሪፖርት 14 አጋላጭ ሁኔታዎችን ዘርዝሮ፣ እነዚህ ሁሉ ቢወገዱ በዓለም ላይ ካለው የመርሳት በሽታ 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት እንደሚቻል አስልቷል። ዝርዝሩን መጀመሪያ ሳነብ ምግብን ፈልጌ አጣሁት። የትምህርት ማነስ አለ፤ የመስማት ችግርና የማየት ችግር አሉ፤ የጭንቅላት ጉዳት፣ ድባቴ፣ ከሰው መነጠል፣ ሲጋራ፣ ከልክ ያለፈ መጠጥ፣ የአየር ብክለትና የእንቅስቃሴ ማነስ አሉ። ምግብ የሚል መስመር ግን የለም። ምግብ ያለው በቀሪዎቹ አራቱ ውስጥ ነው፦ የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ ከልክ ያለፈ ውፍረት እና ኤልዲኤል የሚባለው የኮሌስትሮል ዓይነት። አራቱም በጉልምስና ዕድሜ የሚጀምሩ፣ አራቱም የደም ሥርን የሚጎዱ፣ አራቱም በየቀኑ ከምንበላው ጋር የተያያዙ ናቸው። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ ከምንጠቀምበት ኃይል 20 በመቶ ያህሉን የሚወስድ በመሆኑ፣ ደም የሚያደርሱለት ቀጫጭን ሥሮች ሲጠነክሩና ሲጠቡ መጀመሪያ ከሚጎዱት አካላት አንዱ እሱ ነው።

45 በመቶ የሚለው ቁጥር ግን በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ስሌቱ የተሠራው ለሕዝብ እንጂ ለአንድ ግለሰብ አይደለም፤ ሁሉን በትክክል አድርጋ የታመመች ሴት አለች፣ ምንም ሳይጠነቀቅ ዘጠና ዓመቱን በንቁ አእምሮ የደፈነ ሽማግሌም አለ። ዋነኛው አጋላጭ ዕድሜ ነው፤ በዘር የሚወረስ ድርሻም አለው። ስለዚህ አንድ ሰው ሲታመም «ምን በልቶ ነው?» ብሎ ወደ ኋላ መመርመር ጥቅሙ አይታየኝም፤ እናቴን እንዲህ የመረመሩ ሰዎች አጋጥመውኛል፣ ደስ አላሉኝም።

ለአንጎል ተብሎ የተዘጋጀው እጅግ የታወቀው የአመጋገብ ሥርዓት ማይንድ ይባላል። ቺካጎ በሚገኘው ራሽ ዩኒቨርሲቲ ማርታ ክሌር ሞሪስ የተባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር የሜዲትራኒያንን አመጋገብና ለደም ግፊት የተዘጋጀውን ዳሽ የተባለ አመጋገብ አጣምረው ያወጡት ነው። በ2015 ባሳተሙት ጥናት 923 አረጋውያንን ለዓመታት ተከታትለው፣ ሥርዓቱን በደንብ የሚከተሉት ሰዎች በአልዛይመር የመያዝ ዕድላቸው 53 በመቶ፣ በመጠኑ የሚከተሉትም 35 በመቶ ያነሰ ሆኖ አገኙት። ይህ 53 በመቶ የሚለው ቁጥር እስከ ዛሬ በየማኅበራዊ መገናኛው ይዞራል። ነገር ግን ጎመን አዘውትሮ የሚበላ ሰው በሌላውም ነገር የሚጠነቀቅ፣ የተማረ፣ የሚራመድ ሊሆን ስለሚችል፣ ተከታትሎ በመመዝገብ ብቻ ምግቡን ከሰውየው መለየት አይቻልም። ለመለየት ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ማየት ያስፈልጋል። ያም ተደረገ። በ2023 በታተመው ሙከራ 604 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ለሦስት ዓመት ግማሾቹ ማይንድን፣ ግማሾቹ የለመዱትን ምግብ፣ ሁለቱም መጠኑን በመቀነስ ተከተሉ፤ በመጨረሻ በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። የሁለቱም ወገኖች የማስታወስና የማሰብ ውጤት ግን በመጠኑ ተሻሽሎ ነበር፤ ሁለቱም ክብደት ቀንሰዋል።

ይህን ውጤት አይተው «እንግዲያው ምግብ ከንቱ ነው» የሚሉ አሉ። እኔ እንዲህ አላነበውም። 20 ዓመት ለሚፈጅ በሽታ ሦስት ዓመት አጭር ነው፤ ተሳታፊዎቹም 65 ዓመት ያለፋቸው ነበሩ። ከዚህ ይልቅ ልብ የሚያሳርፈው በፊንላንድ ሚያ ኪቪፔልቶ የመሩት ፊንገር የተባለው ሙከራ ነው። በዚህ 2015 በታተመ ሥራ ከ60 እስከ 77 ዓመት የሆናቸው 1260 ሰዎች ለሁለት ዓመት ተሳትፈው፣ አንደኛው ቡድን የምግብ ምክር፣ የሰውነት እንቅስቃሴ፣ የአእምሮ ልምምድና የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የኮሌስትሮል ክትትል በአንድ ላይ ሲያገኝ፣ ሌላው የተለመደውን የጤና ምክር ብቻ አገኘ፤ ሁሉን በአንድ ላይ ያገኙት በአእምሮ ፈተና የተሻለ ውጤት አመጡ። በ2025 ይፋ የሆነው 2111 ሰዎች የተሳተፉበት የአሜሪካው ተመሳሳይ ጥናትም ወደዚያው ያዘነበለ ነው። ምግብ ብቻውን ተነጥሎ ሲፈተን ዝም ይላል፤ ከእንቅስቃሴና ከግፊት ክትትል ጋር ሲሆን ይናገራል።

ወደ እኛ ማጀት ስመለስ የሚያስገርመኝ አለ። ማይንድ በሳምንት ቢያንስ ስድስት ጊዜ ቅጠላ ቅጠል፣ ከሦስት ጊዜ በላይ ጥራጥሬ፣ በየቀኑ ያልተፈተገ እህል ያዛል፤ ቅቤን፣ ቀይ ሥጋን፣ አይብን፣ ኬክንና በዘይት የተጠበሰን ይቀንሳል። ይህንን ዝርዝር ለእናቴ የማኅበር እኅቶች ባነብላቸው «ይኼማ የጾም ምግብ ነው» እንደሚሉ አልጠራጠርም። ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምን፣ ፍልሰታን፣ ነቢያትንና ሌሎቹን አጽዋማት የምትጾም ሴት በዓመት ከ180 ቀናት በላይ ሥጋ፣ ወተትና ቅቤ ሳይነካት ጎመን፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ሱፍ ፍትፍት፣ ተልባ ትበላለች። እንጀራዋም፣ የጤፍ ፍሬ ደቃቅ ስለሆነ ቅርፊቱ ሳይለይ አብሮ የሚፈጭ በመሆኑ፣ ያልተፈተገ እህል ነው። ከዝርዝሩ የሚጎድለን እንደ እንጆሪ ያለው ፍሬና ዓሣ ነው። የወይራ ዘይትም በእኛ ገበያ ዋጋው የሚቀመስ አይደለም። የኑግ ዘይትና የሱፍ ዘይት ግን እነሱም የማይረጋ ስብ ያላቸው በመሆኑ፣ ወይራ አጣን ብሎ ማዘን አያስፈልግም።

ታዲያ ማዕዳችን ይህን ያህል መልካም ከሆነ ከተማው ለምን በግፊትና በስኳር ተሞላ? እዚህ ላይ ዘርዘር ማድረግ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም መልሱ ከወጡ ስም ውስጥ ሳይሆን ወጡ ውስጥ ከሚገባው ነው።

የመጀመሪያው ጨው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው የመደበው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ የማይበልጥ ነው። አሁን አንድ ምጥን ሽሮ እንዴት እንደሚዘጋጅ እናስብ። በርበሬው ሲደለዝ ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከዝንጅብሉና ከበሶብላው ጋር ጨው ይገባበታል። ሽሮው ሲመጠን በዚያው በርበሬ ይለወሳል፤ ብዙ ቤት ለብቻው ጨው ይታከልበታል። ድስቱ ላይ ሲበስል ደግሞ «ቅመሺው እስቲ» ተብሎ ሌላ ይጨመራል። ከጎኑ የሚቀርበው ሚጥሚጣ ጨው አለው፤ ዳቦው ጨው አለው። ጤነኛ ሴት ያለ ምንም መርሳት ጨውን በየደረጃው ሦስትና አራት ጊዜ ትጨምራለች፤ ይህ ወግ ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም። በምግብ ሳይንስ ቢመዘን ሽሮ ከምርጦቹ ምግቦች አንዱ ነው፤ በጨዉ ግን ግፊት ላለበት ሰው የሚያሰጋ ሊሆን ይችላል። ግፊትን መቆጣጠር ለአእምሮ እንደሚጠቅም ደግሞ በዕጣ በተከፈለ ትልቅ ሙከራ ታይቷል። 2019 ላይ ስፕሪንት ማይንድ በሚል ስም የታተመው የአሜሪካ ጥናት ከ9300 በላይ ሰዎችን አሳትፎ፣ የላይኛው የግፊት ቁጥራቸው ከ120 በታች እንዲሆን የታከሙት ሰዎች፣ ከ140 በታች ብቻ እንዲሆን ከታከሙት ይልቅ መለስተኛ የማስታወስ መዳከም የደረሰባቸው 19 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቷል። ዋናው የመርሳት በሽታ ራሱም ያነሰ ነበር፤ ልዩነቱ ግን በስታቲስቲክስ እርግጠኛ የሚያሰኝ ደረጃ ላይ አልደረሰም።

ሁለተኛው ዘይት ነው። በሸማቾች ማኅበር በኩል በድጎማ ሲከፋፈል የኖረው፣ በብርድ ወራት ጀሪካኑ ውስጥ እንደ ሰም የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ኤልዲኤልን ከፍ የሚያደርግ የስብ ዓይነት ነው። የጾም ምግብ በውስጡ ቅቤ ባይኖርም በዚህ ዘይት ሲሠራ ከደም ሥር አንጻር ልዩነቱ ይጠባል። ለዚህ የቤት እመቤቲቱን መውቀስ ግን አግባብ አይደለም፤ የሚረጋውን የምትገዛው ርካሹ እሱ ስለሆነ ነው። ከዋጋ ጋር በተያያዘም የከተማችን እንጀራ ተለውጧል። ጤፍ ሲወደድ ሩዝ ይቀላቀልበታል፤ እንጀራው ነጭና ለስላሳ ይሆናል፤ ያልተፈተገ እህል መሆኑ ግን በዚያው መጠን ይቀንሳል።

ሦስተኛው ከጾሙ ራሱ ጋር የተያያዘ ነው፤ ስለዚህም በጥንቃቄ እናገረዋለሁ። ቫይታሚን ቢ12 የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው። ሲጎድል ደም ማነስን፣ የእግር መደንዘዝን፣ የማስታወስ መዳከምንም ያመጣል፤ ይህኛው መርሳት ደግሞ በጊዜው ከተደረሰበት የሚታከም ነው። በዕድሜ የገፋ ሰው ጨጓራ ቫይታሚኑን ከምግብ የመለየት አቅሙ ይቀንሳል። የስኳር ሕመምተኞች የሚወስዱት ሜትፎርሚን፣ በከተማችን ለጨጓራ እንደ ከረሜላ የሚዋጠው ኦሜፕራዞልም ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ መጠኑን ሊያወርዱት ይችላሉ። እንግዲህ አጽዋማቱን ሁሉ የምትጾም፣ በፍስኩም ዋጋው አልቀመስ ስላለ ሥጋና ወተት ያልነካች፣ ጨጓራዋን የሚያማት የሰባ ዓመት እናት ሦስቱም ምክንያቶች ተደራርበውባታል። ሐኪሙ እናቴን በመጀመሪያው ቀን ከላካት ምርመራዎች አንዱ ይህ ነበር። የእሷ ደህና ነበር፤ ቢጎድል ኖሮ በመርፌ ይተካ ነበር። የንስሐ አባታችን ስለ ጾሙ ሲጠየቁ ያመነቱት ነገር አልነበረም። «ልጄ፣ ለታመመ ሰው ጾም አይታዘዝበትም፤ ወተቱን ስጧት» አሉኝ። ብዙ አረጋውያን ይህን ከሐኪም ቢሰሙ እሺ እንደማይሉ፣ ከአባ ቢሰሙ ግን እንደሚታዘዙ አይቻለሁ።

በአፍሪካ ምድር ስለዚህ ጉዳይ ከተሠሩት ጥናቶች እጅግ የሚያሳስበኝ በናይጄሪያዋ ኢባዳን ከተማ የተካሄደው ነው። ሂዩ ሄንድሪና ናይጄሪያዊው አዴሶላ ኦጉኒዪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በኢባዳን የሚኖሩ የዮሩባ አረጋውያንን በአሜሪካዋ ኢንዲያናፖሊስ ከሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያን ጋር በአንድ ዓይነት መለኪያ አነጻጽረው በ2001 ባወጡት ውጤት፣ በየዓመቱ በአልዛይመር አዲስ የሚያዙት በኢባዳን 1.15 በመቶ፣ በኢንዲያናፖሊስ 2.52 በመቶ ነበሩ። የኢባዳኖቹ በአብዛኛው እህልና ሥራ ሥር የሚበሉ፣ ግፊታቸው፣ ኮሌስትሮላቸውና ክብደታቸው ዝቅ ያለ ሰዎች ነበሩ። ልዩነቱን ያመጣው ምግብ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ የኑሮው ሁኔታ በብዙ ነገር ይለያያል። እኔ ግን ይህን ባሰብኩ ቁጥር የሚመጣብኝ አዲስ አበባ የትኛዋን ከተማ እየመሰለች ነው የሚለው ነው። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በእግሬ ስወርድ በርገርና የተጠበሰ ድንች የሚሸጡት ቤቶች ከሽሮ ቤቶቹ ይልቅ ሰው ይጎርፍባቸዋል፤ ከእያንዳንዱ ሳሕን ጎን ለስላሳ ይቆማል። አትክልት ተራም በ2020 በኮቪድ ምክንያት ከፒያሳ ወደ ጃንሜዳ፣ በኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ከተዛወረ ወዲህ፣ ለእኛ ሰፈር ሰው ጎመንና ቲማቲም በየጉልቱ በችርቻሮ የሚገዛ ነገር ሆኗል። በሌላ በኩል፣ በኮሪደር ልማቱ የሰፋው የእግረኛ መንገድ ማታ ማታ በሚራመዱ ሰዎች ሲሞላ ማየት ደስ ይለኛል።

ስለ እንክብሎቹ ብዙ የምለው የለኝም። ጊንኮ በአሜሪካ 3069 አረጋውያን ላይ ተፈትኖ በ2008 በታተመው ውጤት የመርሳት በሽታን አላስቀረም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ የመርሳት በሽታን ለመከላከል ብሎ ቫይታሚን ቢን፣ ቫይታሚን ኢን፣ የኦሜጋ ዓይነት ስቦችንና የቫይታሚን ድብልቆችን በእንክብል መውሰድን አልመከረም፤ የሜዲትራኒያንን የመሰለ አመጋገብ ግን ሊመከር ይችላል ብሏል። የጎደለ ቢ12ን መተካት ከዚህ የተለየ ነገር ነው፤ እሱ ሕክምና ነው። ጥቁር አዝሙዱም ተልባውም ምግብ ሆነው ቢበሉ የሚከፋ አይደሉም። የሚከፋው ብልቃጡ የግፊቱን መድኃኒት ሲተካ ነው፤ ይህንንም በቅርብ በማውቃቸው ሰዎች ላይ አይቼዋለሁ።

እናቴ አሁን የምትበላውን ለሚጠይቁኝ ሳልደብቅ እነግራቸዋለሁ፦ የወደደችውን። በሽታው እየገፋ ሲሄድ ከሚያስቸግሩት ነገሮች አንዱ የክብደት መቀነስ ነው። ጠግባ ይሁን ተርባ አታውቅም፤ አንዳንዴ የጎረሰችውን ማኘክ ትረሳለች፤ ጣፋጭ ነገር ይጥማታል። ስለዚህ ከዓመታት በፊት ቢሆን የምከለክላትን ቅቤ የገባበት ገንፎ ዛሬ በደስታ አጎርሳታለሁ። ከብቻዋ ይልቅ ከእኛ ጋር በአንድ ትሪ ስትቀርብ የተሻለ እንደምትበላ ስላየን፣ ሁላችንም ምሳ ሰዓት ላይ እንሰበሰባለን፤ እጃችን ሲዘረጋ አይታ እጇን ትዘረጋለች። ለእሷ መከላከል የሚባለው ጊዜ አልፏል። ጨው ቀንሱ፣ ስብ ተዉ የሚለው ምክር ሁሉ የተጻፈው በዚያው ትሪ ዙሪያ ለተቀመጥነው ለልጆቿ ነው።

በዚህ ምክንያት ባለፈው ፋሲካ እኅትና ወንድሞቼ በተሰበሰቡበት የግፊት መለኪያ አውጥቼ ሁሉንም ለካኋቸው። ሐሳቡ በዶሮ ወጥ ማግሥት መሆኑ ብዙ አስቀልዷል። የእኔ በመጠኑ ከፍ ብሎ ተገኘ። አርባዎቹ አጋማሽ ላይ ያለው፣ ቅዳሜ ከጓደኞቹ ጋር ቁርጥ የማይቀርበት ታናሽ ወንድሜ ግን ሁለት ጊዜ ደጋግሜ ብለካውም ከ160 በላይ ሆነ። «እትዬ፣ እኔ እኮ ምንም አያመኝም» አለኝ፤ ደም ግፊት ማንንም እንደማያም አስረዳሁት፤ እሱም መሣሪያው ይበላሻል እንጂ እሱ እንዳልተበላሸ አስረዳኝ። ከስንት ክርክር በኋላ ባለቤቱ ጤና ጣቢያ ወሰደችው፤ አሁን መድኃኒት ጀምሯል። እሷም ሽሮዋን ነጭ አድርጋ፣ ጨዉን ድስቱ ላይ ብቻ በልኩ እየጨመረች፣ የሚረጋውን ዘይት በኑግ ለውጣ ትሠራለች። እሱ ሽሮው አልጥም አለኝ እያለ ሚጥሚጣውን ለብቻ ያስቀርባል። ሚጥሚጣውንም ያለ ጨው ልታስፈጭ አስባለች፤ ለጊዜው አልነገረችውም።